ሶፍትዌር ከመሠራቱ በፊት የሚታቀድ ፍተሻ፦ ምንነቱ፣ አሠራሩና ከቅርብ የተገኙ ልምዶች

ደባርቅ፦ ገብስና ድንች ሸጦ ገንዘቡን በስልኩ የሚቀበል አርሶ አደር፣ ለፋይዳ መታወቂያ አሻራውን የሚሰጥ የከተማ ነዋሪ፣ በጤና ጣቢያ ካርዱ በኮምፒውተር የሚፈለግለት ታካሚ ሁሉም ከሶፍትዌር ጋር ይሠራሉ። ከአምቢኮ እስከ ደባርቅና ዳባት ባለው አካባቢም የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ የመንግሥት ጽሕፈት ቤቶችና የንግድ ድርጅቶች መዝገባቸውን ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ማዛወር የማይቀር ሥራ እየሆነባቸው ነው። ሥራው ሲጀመር የሚነሣው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋውና የሚጠናቀቅበት ቀን ነው። ሥርዓቱ በትክክል መሥራቱ በምን፣ በማን፣ መቼና የት እንደሚረጋገጥ ግን ውል ከተፈረመ፣ አንዳንድ ጊዜም ርክክብ ከተደረገ በኋላ የሚታሰብ ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። የዚህ መዘግየት ዋጋ የሚከፈለው ደግሞ ሶፍትዌሩን በሠራው ድርጅት ብቻ አይደለም። ማዳበሪያ ሊወስድ ከሩቅ ቀበሌ መጥቶ «ስምዎ የለም» የሚባለው አባልም ከፋይ ነው።

የፍተሻ እቅድ ምንድን ነው?

የፍተሻ እቅድ ሶፍትዌሩ ከመሠራቱ በፊት የሚዘጋጅ ሰነድ ነው። ምን እንደሚፈተሽና ምን እንደማይፈተሽ፣ ማን እንደሚፈትሽ፣ ፍተሻው በየትኛው መሣሪያና በምን ዓይነት መረጃ እንደሚካሄድ፣ ምን ያህል ጊዜና ገንዘብ እንደሚፈልግ፣ ውጤቱ ምን ሲሆን ሥራው እንደሚያልፍና ምን ሲሆን እንደሚቆም ይወስናል። የዚህ ሰነድ ይዘት በዓለም አቀፍ ደረጃ በጽሑፍ ከተደነገገ ቆይቷል። የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ተቋም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1983 ቁጥር 829 የተባለውን የፍተሻ ሰነዶች ደረጃ አውጥቷል። ከ2013 ጀምሮም 29119 በሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ እየተተካ መጥቷል። ደረጃዎቹ የተጻፉት ለትልልቅ ድርጅቶች ቢሆንም የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች ለአንድ መሠረታዊ የኅብረት ሥራ ማኅበርም ይሠራሉ። ትንሽ ማኅበር ሃምሳ ገጽ መጻፍ አይጠበቅበትም፤ አራት ወይም አምስት በጥንቃቄ የተጻፉ ገጾች ይበቁታል።

ለአርሶ አደሩ ነገሩ እንግዳ አይደለም። የቆየ ዘር ከመዘራቱ በፊት 100 ፍሬ ተቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቀለላል፤ ከሳምንት ገደማ በኋላም የበቀለው ይቆጠራል። በዚህ ሙከራ ውስጥ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር አለ፦ ስንቱ ከበቀለ ዘሩ እንደሚዘራ፣ ስንቱ ከበቀለ የዘር መጠን እንደሚጨመር፣ ከስንት ካነሰ ዘሩ ለምግብ እንደሚውል መወሰን ያለበት ጨርቁ ከመፈታቱ በፊት ነው። ከተቆጠረ በኋላ የሚወሰን መስፈርት ወደ ተፈለገው ውጤት ያደላል፤ በተለይ ዝናቡ ደርሶ ሌላ ዘር ከሌለ። በሶፍትዌርም እንዲሁ ነው። የምረቃው ቀን ተቆርጦ እንግዶች ከተጠሩ በኋላ የሚገኝ ጉድለት ሁሉ «ትንሽ ነው፤ በኋላ ይስተካከላል» የሚል ስም ይሰጠዋል።

ዳባት ላይ የተደረገው ንጽጽር

ለዚህ አካባቢ ቅርብ የሆነውና በጥሩ ሁኔታ የታቀደው ምሳሌ የሚገኘው ዳባት ነው። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው የዳባት የጤናና የሥነ ሕዝብ ቅኝት ጣቢያ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1996 ጀምሮ ልደትን፣ ሞትንና የነዋሪዎችን ዝውውር ቤት ለቤት ሲመዘግብ የቆየ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ተመራማሪዎች በወረቀት መጠይቅና በታብሌት በሚሞላ መጠይቅ መካከል ያለውን ልዩነት በዚሁ ጣቢያ መዘኑ። ውጤቱም በ2019 በዓለም አቀፍ የሳይንስ መጽሔት ታትሟል።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። 12 መረጃ ሰብሳቢዎች ተመደቡ። ወደ አንድ ቤት ሁለት ሰዎች ይገባሉ፤ አንዱ በወረቀት፣ ሌላው በታብሌት ይመዘግባል። ወረቀት የያዘው ሁልጊዜ ወረቀት እንዳይዝ ደግሞ በኮምፒውተር በወጣ ዕጣ ይለዋወጣሉ። በዚህም ልዩነቱ ከሰዎቹ ጉብዝና ሳይሆን ከመሣሪያው የመጣ መሆኑን መለየት ተቻለ። በእያንዳንዱ መንገድ 1 ሺህ 246 የተሟሉ መጠይቆች ተሰበሰቡ። ከወረቀቶቹ 522ቱ፣ ማለትም 41.9 በመቶ ያህሉ፣ ቢያንስ አንድ ስሕተት ተገኘባቸው። በታብሌት ከተሞሉት ስሕተት የተገኘባቸው ከዚህ ያነሱ ናቸው። ከጠቅላላው ምላሽ አንጻር የስሕተቱ መጠን በወረቀት 1.67 በመቶ፣ በታብሌት 0.60 በመቶ ሆኗል።

ለፍተሻ እቅድ ከዚህ የሚወሰዱት ትምህርቶች ከቁጥሮቹም ይበልጣሉ። አዲሱ መሣሪያ የተመዘነው በቢሮ ውስጥ ሳይሆን ሥራው በሚሠራበት መንደር ነው። የመዘኑትም ሥራውን በዕለት ተዕለት የሚሠሩት መረጃ ሰብሳቢዎች ናቸው። ውጤቱ የተነጻጸረው ከነባሩ አሠራር ጋር እንጂ እንከን የለሽ ከሆነ ምኞት ጋር አይደለም። «ስሕተት» ማለት ምን እንደሆነም መታወቅ ነበረበት፤ አለዚያ የሚቆጠር ነገር አይኖርም። በሌላ በኩል በታብሌት ከተሞሉትም ውስጥ ስሕተት የተገኘባቸው መኖራቸው መረሳት የለበትም። ታብሌት ስሕተትን ቀነሰ እንጂ አላጠፋም። «ኮምፒውተር ከገባ ስሕተት ይቀራል» ብሎ የሚያስተዋውቅ ሻጭ ካለ ይህን የዳባት ውጤት ማሳየት ተገቢ ነው።

የመጋቢት 6 ሌሊት

የሚሠራን ሥርዓት መለወጥም እቅድ ይፈልጋል። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. አርብ ሌሊት ለቅዳሜ አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ያጋጠመው ችግር ይህን በግልጽ አሳይቷል። ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማዛወር የቻሉበት ሁኔታ ተፈጠረ። ወሬው በተለይ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ዘንድ በፍጥነት ተዛመተ፤ በገንዘብ መክፈያ ማሽኖች ፊት ሌሊቱን ረጅም ሰልፍ ታየ። ባንኩ አገልግሎቱን ለሰዓታት አቋርጦ ነበር። በኋላ በሰጠው መግለጫ በእነዚያ ሰዓታት ከ490 ሺህ በላይ ግብይቶች መካሄዳቸውን፣ ከችግሩ ጋር በተያያዘ የተወሰደው ገንዘብም ከ801 ሚሊዮን ብር በላይ መሆኑን አስታውቋል። ምክንያቱ የሳይበር ጥቃት ሳይሆን ከሥርዓት ማሻሻያና ፍተሻ ሥራ ጋር የተያያዘ ችግር እንደነበርም ገልጿል።

በዚያ ቅዳሜ ከሒሳቡ ምንም ያላወጣ ሰውም አገልግሎት ተቋርጦበት ውሏል። የገበያ ቀኑ ቅዳሜ የሆነ የገጠር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል።

በማንኛውም ሥርዓት ላይ ለውጥ ሲደረግ የፍተሻ እቅዱ ሦስት ነገሮችን አስቀድሞ መያዝ ይኖርበታል። አንደኛው የተለወጠውን ክፍል ብቻ ሳይሆን ያልተነካውንም እንደገና መፈተሽ ነው፤ አንዱ ጋር የተደረገ ጥገና ሌላው ጋር ብልሽት ሊያመጣ ይችላልና። ሁለተኛው ለውጡ የሚገባበት ሰዓትና በዚያ ሰዓት ነቅቶ የሚከታተለው ባለሙያ ነው። ሦስተኛው ወደ ቀድሞው ይዞታ የመመለሻ መንገድ ነው። ማን «ይቁም» እንደሚል፣ በስንት ደቂቃ እንደሚቆምና የቀድሞው ሥርዓት እንዴት እንደሚመለስ ተጽፎ ብቻ ሳይሆን ተሞክሮም መገኘት አለበት።

የሚፈተሽ ዐረፍተ ነገር

ለምሳሌ አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር የአባላቱን መዝገብ፣ የማዳበሪያ ሥርጭቱንና የብድር ሒሳቡን የሚይዝ ሶፍትዌር ሊያሠራ አሰበ እንበል። የመጀመሪያው ሥራ ፍላጎቱን ሊፈተሽ በሚችል መልኩ መጻፍ ነው። «ሥርዓቱ ፈጣንና ምቹ መሆን አለበት» የሚል ዐረፍተ ነገር በጨረታ ሰነዶች ላይ የተለመደ ቢሆንም ማንም ሊፈትሸው አይችልም፤ ሻጩ ፈጣን ነው ይላል፣ ገዢው ዘገምተኛ ነው ይላል፣ ዳኛ የለም። «በማኅበሩ ቢሮ ባለው የሞባይል ኔትወርክ የአንድ አባል መዝገብ ከተፈለገ በኋላ በ5 ሰከንድ ውስጥ መከፈት አለበት» የሚለው ግን በሰዓት ይለካል። እያንዳንዱ ፍላጎት እንዲህ ተጽፎ ከጎኑ «ይህ እንዴት ይረጋገጣል?» የሚል ዓምድ ቢኖረው የፍተሻ እቅዱ ግማሽ ተዘጋጀ ማለት ነው። መልስ የማይገኝለት ፍላጎት ካለ ችግሩ ያለው በፍላጎቱ አጻጻፍ ላይ ነው፤ ያንንም ገና ገንዘብ ሳይወጣ ማወቅ ይሻላል።

ቀጥሎ የሚመጣው የአደጋ ምዘና ነው። ሁሉንም ነገር እኩል መፈተሽ አይቻልም፤ ጊዜውም ገንዘቡም አይበቃም። ስለዚህ የመበላሸት ዕድሉና ቢበላሽ የሚያደርሰው ጉዳት ተደምረው ይታያሉ። የማኅበሩ ዓርማ በስክሪኑ ላይ ተጣሞ ቢታይ የሚጎዳ የለም። የአንድ አባል ብድር ወደ ሌላው ቢዞር ግን ሁለት ቤተሰብ ይጣላል፤ ማኅበሩም አመኔታ ያጣል። ወቅቱም በምዘናው ውስጥ መግባት አለበት። የማዳበሪያ ክፍፍል ክፍሉ ጥር ላይ ለሦስት ቀን ቢቆም ማስታወሻ ደብተር ይበቃል፤ ሰኔ ላይ ለሦስት ቀን ቢቆም የዘር ጊዜ ያልፋል።

ስሙ፣ ቀኑ፣ መስፈሪያው

ከውጭ አገር የተገዛም ሆነ በአገር ውስጥ የተሠራ ሶፍትዌር በብዛት የሚሰናከለው በረቀቀ ስሌት ላይ አይደለም። የሚሰናከለው ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው፣ ስለሆነም ማንም በእቅድ ላይ የማይጽፋቸው ነገሮች ላይ ነው።

ስምን እንውሰድ። በአማርኛ ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ ናቸው። «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሃይሉ» ለሰው አንድ ስም ሲሆኑ ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ጽሑፎች ናቸው። አባሉ ሲመዘገብ በአንዱ ፊደል፣ ብድር ሲወስድ በሌላው ከተጻፈ ሥርዓቱ ሁለት ሰው ያደርገዋል። «ወልደ ማርያም» በክፍተት፣ ያለ ክፍተት ወይም «ወ/ማርያም» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ አንዳንድ ሶፍትዌር ደግሞ ያንን ሕዝባር ጨርሶ አይቀበልም። የእኛ አገር ሰው የቤተሰብ ስም የለውም፤ የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም አለው። «የቤተሰብ ስም» በሚል የውጭ ቅጽ ላይ ወንድማማቾች የተለያየ ቤተሰብ ይመስላሉ፤ ሴት ልጅም ስታገባ ስሟ አይለወጥም። በአንድ ቀበሌ ውስጥ በስምም በአባትም የሚመሳሰሉ ሰዎች መኖራቸው የታወቀ ስለሆነ እቅዱ ሆን ብሎ እነዚህን ሁሉ የያዘ የሙከራ መዝገብ ማዘጋጀት አለበት። በባለሙያው ጠረጴዛ ላይ በፈጠራ የተጻፉ አሥር ንጹሕ ስሞች ምንም አያሳዩም።

ቀን ሌላው ነው። ዓመታችን 13 ወር አለው። 12 ወር ብቻ የሚያውቅ ሥርዓት ጳጉሜን 3 ቀን የተከፈለ ብድርን አልቀበልም ይላል፤ ወይም ወደ ነሐሴ ይወስደዋል፤ የወለድ ስሌቱም ይዛባል። ጳጉሜን በሦስት ተከታታይ ዓመታት 5 ቀን፣ በአራተኛው በዘመነ ሉቃስ 6 ቀን ትሆናለች። ከእርሷ በኋላ የሚመጣው መስከረም 1 በአውሮፓ አቆጣጠር መስከረም 11 ሳይሆን 12 ላይ ይውላል። በሁለቱ አቆጣጠሮች መካከል ያለው ልዩነት እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ዓመት ነው፤ ሁልጊዜ 8 የሚቀንስ ሶፍትዌር ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያሉትን ወራት በአንድ ዓመት ያሳስታል። ሰዓቱም እንዲሁ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ስንል መሣሪያው 9 ይላል። «ቀጠሮዎ 9 ሰዓት ነው» የሚል መልእክት የደረሰው ሰው ከሰዓት በኋላ ቢመጣ ጥፋተኛው እርሱ አይደለም። የትውልድ ቀንም አለ። ብዙ አረጋውያን የተወለዱበትን ዕለት በቁጥር አያውቁም። ቅጹ ዕለት ካልተሞላ አላልፍም ካለ መዝጋቢው ያገኘውን ቀን ይሞላል፤ ከዓመት በኋላ መዝገቡ ሲታይ የአካባቢው አረጋዊ ሁሉ በአንድ ቀን የተወለደ ሆኖ ይገኛል።

መስፈሪያ ከሁሉም ይልቅ ገንዘብ ያጠፋል። አንድ ኩንታል 100 ኪሎ ግራም ሲሆን ማዳበሪያ የሚመጣው በ50 ኪሎ ከረጢት ነው። በመዝገቡ ላይ «2» ተብሎ ሲጻፍ ሁለት ኩንታል ነው ወይስ ሁለት ከረጢት? ስሕተቱ ግማሽ ወይም እጥፍ ነው፤ በአንድ አባል ላይ ትንሽ ቢመስልም በመጋዘን ቆጠራ ላይ ትልቅ ጉድለት ይሆናል። መሬትም በሄክታር ይመዝገብ እንጂ አርሶ አደሩ የሚናገረው በጥማድ ነው፤ ጥማድ ደግሞ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ላይ የባልና የሚስት ስም በጋራ ስለሚሰፍር ለአንድ ማሳ አንድ ባለቤት ብቻ የሚቀበል ቅጽ ካለ በፍተሻ ጊዜ እንጂ በክርክር ጊዜ መገኘት የለበትም።

የጣት አሻራ የሚጠቀም ሥርዓት ከሆነ ተጨማሪ ጥያቄ ይነሣል። በእርሻ፣ በድንጋይና በእንጨት ሥራ የኖረ እጅ መስመሩ ያልቃል፤ መሣሪያውም ላያነበው ይችላል። የፋይዳ ምዝገባ ከአሥሩ ጣቶች በተጨማሪ የዓይን ብሌንና የፊት ምስል የሚወስድ መሆኑ ለእንዲህ ዓይነቱ ሁኔታ ጠቃሚ ነው። አሻራን ብቻ ተማምኖ የሚሠራ የማኅበር ሥርዓት ግን በቢሮ ሠራተኞች ጣት ተፈትሾ ቢያልፍ ስለ አባላቱ ምንም አልተነገረም።

ብልሽቱን ከነአካባቢው መፈተሽ

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ በመብረር ላይ የነበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቆ 157 ሰዎች ሞቱ። ከአምስት ወር ያህል በፊት በኢንዶኔዥያ ተመሳሳይ አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞተው ነበር። በሁለቱም ከአንድ ብቻ ጠቋሚ መሣሪያ የተሳሳተ ንባብ የወሰደ ሶፍትዌር የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ታች ደጋግሞ ገፍቷል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በመስከረም 2019 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ባወጣው ሪፖርት ለፍተሻ እቅድ ትልቅ ትርጉም ያለው ነገር አመልክቷል። አምራቹ ሶፍትዌሩ ሳይታዘዝ ቢሠራ አብራሪዎች ምን እንደሚያደርጉ በማስመሰያ መሣሪያ ፈትሾ ነበር። ያልፈተሸው ግን ያ ብልሽት በእውነት ሲከሰት አብረውት የሚመጡትን ነገሮች ነው። ጠቋሚው ሲበላሽ የአብራሪው መሪ ይንቀጠቀጣል፤ የፍጥነትና የከፍታ ማስጠንቀቂያዎችም በአንድ ጊዜ ይበራሉ። አብራሪዎቹ የገጠማቸው አንድ ችግር ሳይሆን የተደራረበ ጫጫታ ነበር።

የማኅበር መዝገብ እንደ አውሮፕላን አይወድቅም፤ የአስተሳሰቡ መንገድ ግን አንድ ነው። «ኔትወርክ ቢቋረጥስ?» የሚለውን በባዶ ቢሮ ገመድ ነቅሎ መሞከር ይቻላል። በእውነተኛው ቀን ግን ኔትወርክ የሚቋረጠው መብራት ሲጠፋ፣ የስልኩ ባትሪ ሲያልቅ፣ ሰልፉ ሲረዝምና ሒሳብ ሠራተኛው የአንዱን አባል ክፍያ ግማሽ ሞልቶ ሳለ ነው። መብራትና ኔትወርክ ሲመለሱ ያ ክፍያ አንድ ጊዜ ተመዝግቧል፣ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል ወይስ ጠፍቷል? እቅዱ መጠየቅ ያለበት ይህንን ነው።

ማን ይፈትሽ? የት?

ሶፍትዌሩን የጻፈው ባለሙያ የመጀመሪያው ፈታሽ ነው፤ የመጨረሻው ግን ሊሆን አይገባም። የራሱን መንገድ ስለሚያውቅ በዚያው መንገድ ይሄዳል። ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ መጋዘን ጠባቂ ግን ባለሙያው ያላሰበውን ቁልፍ ይጫናል። ስለዚህ እቅዱ ፈታሾችን በሥራ ድርሻቸው ይዘረዝራል፦ ሒሳብ ሠራተኛው፣ መጋዘን ጠባቂው፣ የቀበሌ ግብርና ባለሙያው፣ የሥራ አመራር አባላትና ተራ አባላት። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ፣ ዕድሜያቸው የገፋና የራሳቸው ስልክ የሌላቸው ሴቶች ካልተካተቱ ፍተሻው የተካሄደው ለግማሹ ማኅበር ብቻ ነው። በ2006 ዓ.ም. የተጀመረው የ8028 ነፃ የአርሶ አደሮች የስልክ መስመር መረጃውን በድምፅና በተራ ስልክ እንዲደርስ አድርጎ መቀረጹ ከዚህ አንጻር ሊጠና የሚገባው ነው።

ቦታውም ወሳኝ ነው። በዞን ከተማ ባለ ጥሩ ኢንተርኔት ላይ የተፈተሸ መተግበሪያ በሰሜን ተራራ ግርጌ ባለ ቀበሌ የሚሠራ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። የስልኩም ዓይነት በእቅዱ ላይ ይጻፍ። የባለሙያው አዲስ ስልክ ሳይሆን በማኅበሩ እጅ ያለው፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀው ስልክ ነው የሚፈተሽበት።

እውነተኛ የአባላት መረጃ ለሙከራ ሲውል ግን ጥንቃቄ ያሻል። የሰው ስም፣ ዕዳና ስልክ ቁጥር በሙከራ ሥርዓት ላይ ከተጫነ ማን እንደሚያየውና መቼ እንደሚጠፋ መጻፍ አለበት።

የማቆሚያው መስመርና ውሉ

ጉድለቶች ሁሉ እኩል ስላልሆኑ አስቀድመው በደረጃ ይከፈላሉ። ገንዘብን፣ መሬትን ወይም የሰውን ማንነት የሚያዛባ አንድ ጉድለት እንኳ ካለ ሥርዓቱ ሥራ አይጀምርም። ሥራን የሚያዘገይ፣ ግን ሌላ መንገድ ያለው ጉድለት በተወሰነ ቁጥር ይፈቀዳል። የፊደል ግድፈትና የቀለም ጉዳይ ከርክክብ በኋላ ሊታረም ይችላል። ይህ ክፍፍል በውሉ ላይ ካልሰፈረ በርክክብ ቀን የሚያሸንፈው ድምፁ ከፍ ያለው ወገን ነው።

ጊዜን በተመለከተ በአሜሪካ የጤና መድን መመዝገቢያ ድረ ገጽ ላይ የደረሰው ሊጠቀስ ይችላል። ድረ ገጹ በአውሮፓ አቆጣጠር ጥቅምት 1 ቀን 2013 ሲከፈት በመጀመሪያው ቀን ምዝገባቸውን መጨረስ የቻሉት ስድስት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ሥራውን የያዙት ድርጅቶች በኋላ ለምክር ቤቱ እንዳስረዱት፣ ክፍሎቹ ተገጣጥመው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተፈተሹት በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ነበር። ገንዘብም ባለሙያም ያልጎደለው መንግሥት እንዲህ ከሆነ፣ ፍተሻን ለመጨረሻው ሳምንት የሚተው ማኅበር የተሻለ ዕድል ሊጠብቅ አይችልም። የፕሮጀክት ጊዜ ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የተቀመጠው ሥራ ነው። በመሆኑም ፍተሻው ለየክፍሉ ተከፋፍሎ የክፍያው መርሐ ግብር አካል ቢሆን ይመረጣል፤ የአባላት መዝገቡ ተፈትሾ ካለፈ አንድ ክፍያ፣ የማዳበሪያ ክፍፍሉ ካለፈ ሌላ፣ የመጨረሻውና ጠቀም ያለው ክፍያ ደግሞ ሥርዓቱ አንድ ወቅት ከወረቀቱ ጎን ለጎን ከሠራ በኋላ።

ጎን ለጎን ማሠራት ድካም አለው፤ ሠራተኞች አንዱን ነገር ሁለት ጊዜ ይመዘግባሉ፣ ያማርራሉም። ሆኖም የወረቀቱ መዝገብና የኮምፒውተሩ መዝገብ በወር መጨረሻ ሲነጻጸሩ የሚገኘው ልዩነት ከየትኛውም የቢሮ ፍተሻ የማይገኝ መረጃ ነው። የዳባቱ ንጽጽርም በመሠረቱ ይህንኑ ያደረገ ነው። ልዩነቱ ሲገኝ ጥፋቱ ሁልጊዜ የኮምፒውተሩ ላይሆን ይችላል፤ ለዓመታት ሳይታወቅ የቆየ የወረቀት ስሕተት የሚወጣበትም ጊዜ አለ።

በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሶፍትዌር እንዲገዛ የሚጠየቁ አባላት የቴክኒክ ዕውቀት ባይኖራቸውም ከሥራ አመራሩ ሊጠይቋቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ፦ የፍተሻ እቅዱ ተጽፏል ወይ? ከእኛ ውስጥ ማን ይፈትሻል? በየትኛው ቀበሌና በየትኛው ስልክ? ምን ቢገኝ ይቆማል? ቢቆም ማዳበሪያ በምን እንካፈላለን? ለመጨረሻው ጥያቄ «አይቆምም» የሚል መልስ ከተሰጠ እቅድ የለም ማለት ነው።

እቅዱ ከርክክብ በኋላም በማኅበሩ መዝገብ ቤት ይቀመጣል፤ ሶፍትዌሩ በተሻሻለ ቁጥር ያው ፍተሻ ይደገማልና። በተለይ የቀን መቁጠሪያውን የሚመለከተው ክፍል ዘንድሮ ተፈትሾ ቢያልፍም ስድስተኛዋን ቀን በእውነተኛ ሥራ ላይ የሚያገኛት ጳጉሜን 6 ቀን 2019 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ሠራተኞች ያን ዕለት የሚደረጉ ክፍያዎችን በወረቀትም እንዲይዙ ከወዲሁ በእቅዱ ላይ ሊሰፍር ይችላል።